ባለ ስድስት ዐይን

ሪሾን ለጽዮን፣ ከመጋዘኖቹ ሰፈር፣ ከመስታወቱ አዳራሽ፣
ምድጃዎቹ ተደርድረዋል፣ እሳት ሳያውቁ የሚያንጸባርቁ፤
አንድ ሽንኩርት ያልጠበሱ፣ አንድ ወተት ያልገነፈለባቸው፣
ተኳኩለው፣ ተወልውለው፣ ወሳጃቸውን የሚጠብቁ።

ሻጩ ግሪሻ ይባላል። «ይህ ከጣልያን ነው» አለን፣
«እሳቱ የሚወጣበት አክሊሉ ጥሩ ነሐስ።
ይህ ከፈረንሳይ፣ ሰማያዊው፣ በእጅ የተቀባ፤
ይህ ደግሞ ከአሜሪካ፣ ባለ ስድስት ዐይን፣ ለልጅ ልጅ የሚወረስ።»
ዋጋውን ሲነግረን ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፤
የባሌ የመልኬ ዐይን ወንበር ፈለገ።

«በዚህ ገንዘብኮ መኪና ይገዛል!»
«መኪና አይጠብስም፣ አባ» አለች ሞሪያ ከስልኳ ሳትነቀል።
እሷ ሰማያዊውን መርጣለች፣ ለግድግዳው ይስማማል ብላ፤
ግድግዳው ራሱ ገና ፈራርሶ፣ አቧራው አልጋችን ላይ ሲዋልል፣
ሰሐን በመታጠቢያ ቤት ገንዳ ማጠብ ከጀመርን
ሦስተኛ ሳምንታችን ሲሆን።

እኔ ግን አውቃቸዋለሁ።
ግሪሻ ፊታቸውን ያውቃል፤ እኔ ሆዳቸውን።
ሃያ ሁለት ዓመት በሳቭዮን፣ በሰው ወጥ ቤት፣ በጉልበቴ፤
ጣልያኑን አጥቤዋለሁ፤ ማዞሪያው ሲነቀል ከኋላው
የደበቀውን ዘይት በጥርስ ብሩሽ ለቅሜዋለሁ።
ፈረንሳዩ ሎሚ አይወድም፤ አንዴ ከነካው
እንደ ተቀየመች አማት ነው፣ ፊቱ አይመለስም።
የአሜሪካው ፍርግርጉ ከባድ ነው፤ ወገቤ አልረሳውም፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል ወገቤ አሜሪካን በስሟ ይጠራል።

(በዚያ ቤት ደወል ሲደወል፣ በሩን ስከፍት፣ ዕቃ ያመጣው ሰው
በራሴ ላይ አሻግሮ እያየ
«ባለቤቷ የለችም?» ይለኝ ነበር።)

ተንበረከክሁ። በአዳራሹ መካከል፣ በደህናው ቀሚሴ።
«ግቬርቲ፣ ምን ወደቀብሽ?»
ምንም አልወደቀብኝም። ማዞሪያውን ነቀልሁ፣ ጣቴን ሰደድሁ፣
ከብረቱ ሥር ያለውን ብረት እንደ አዋላጅ ዳሰስሁ።
ሞሪያ ስልኳን አወረደች።
ግሪሻ ክራቫቱን አላላ፤ «የት ነው የተማርሽው?» አለ።
«ሳቭዮን» አልሁት። ዩኒቨርሲቲ መሰለው።

ከዚያ የአሜሪካውን ጎን መታ መታ አደረገና
«መጋገሪያው የሰንበት ቁልፍ አለው፤ ዓርብ አንዴ ከተጫንሽው
ቅዳሜን ሙሉ አይጠፋም፤ ረቢዎቹ ፈርመውበታል።»
እናቴን አሰብሁ። ወገራ ሳለን፣ ዓርብ ጀንበር ሳትወርድ፣
ፍሙን አመድ አታለብሰውም ነበር፤ ውሃ ነው የምታርከፈክፍበት።
እኛ ሰንበትን በቀዝቃዛ ዳቦ ያደግን ነን።
እዚህ መጥታ የኤሌክትሪኩ ፕላታ ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ዐይታ
እጇን ዘርግታ፣ «ምስኪን» አለችው፣ «አንተስ ሰንበት የለህም?»

ባለ ስድስቱን አልሁ።
ስድስት ዐይን ለስድስት ቀን፤ በሰባተኛው ይተኛል።
«ትርንጎ፣ ወገብሽስ?» አለ መልኬ።
ወገቤን አልጠየቅሁትም።
በሠላሳ ስድስት ክፍያ ፈረምን፤ የሰንበቱን ቁልፍ ዋጋ
ቀንስልኝ፣ አልጫነውም፣ ብዬ ግሪሻን ተከራከርሁት፤
አልቀነሰም።

ማክሰኞ መጣ። ቅርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፤
ሁለት ጎረምሶች በላብ ተጠምቀው፣ አንዱ ይረግማል፣ አንዱ ደረጃ ይቆጥራል።
በሩን ከፈትሁ፣ የአቧራ ጨርቅ በእጄ፤
የፊተኛው በራሴ ላይ አሻግሮ የፈረሰውን ግድግዳ አየ፤
«ባለቤቷ አለች?»

«ቆይ ልጥራት» አልሁት።
ገባሁ፤ ጨርቁን አስቀመጥሁ፤
እጄን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ታጠብሁ፤
ምድጃው በትከሻቸው ላይ እንዳለ
ተመልሼ መጣሁ።